ፍሬን በአንድ ቀን አይበጠስም

አደጋ ደርሶ ሰው ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፤ «ፍሬን በጥሶ ነው»። ሹፌሩ ይለዋል፣ ያየው ሰው ይለዋል፣ ማታ በዜና የሰማውም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ ጠያቂ የለም። ነገሩ ከሰማይ እንደወረደ መዓት ተቆጥሮ፣ የማንም እጅ የሌለበት ሆኖ ይዘጋል።

ጋራዥ ውስጥ ግን ይህ መልስ አያጠግብም። አሮጌ መኪና የሚያውቅ መካኒክ ፍሬኑ እምቢ ያለ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። የሆነ ቀን ጀምሮታልና። ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሏል፤ ወይ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ ጀምሯል፤ ወይ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ ሞቋል። ምልክቱን ያየ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ግን አልነበረም።

ይህ ዘገባ ከፍሬን ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ ትንሿን፣ በመዘንጋት ግን አንደኛዋን ይመለከታል፤ ከመኪናው አካል የሚመጣውን የብረት ቧንቧ ከእግሩ ጋር የምታገናኘውን፣ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጠውን ጥቁር የጎማ ቱቦ። መኪና ሲነዳ እግሩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የፊቱ ደግሞ ከመሪው ጋር ይዞራል። ብረት ይህን ሁሉ መተጣጠፍ አይችልም፣ ይሰበራል። ስለዚህ የመጨረሻዋ መንገድ ለጎማ ቱቦ ተሰጠች። ጎማ ደግሞ ያረጃል።

ሳሪስ፣ ቆርቆሮው አጥር ውስጥ

ከሳሪስ አቦ ዋናውን መንገድ ለቅቀው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ጋራዦቹ ይጀምራሉ። የቆርቆሮ አጥር፣ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ደጃፍ ላይ የተደራረበ አሮጌ ጎማ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎተራ እስከ ሃና ማርያም፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ እንዲህ ያለ ግቢ አያጣም። አንዳንዱ ሰፊ ነው፣ ማንሻ ማሽንም አለው። አንዳንዱ አንድ ክሪክ፣ አንድ ሞርሳና አንድ ጎበዝ ሰው ብቻ ነው።

ክሪክ ላይ ያለችው ቮልስ ናት። የቀኝ የፊት እግሯ ተነሥቷል፤ ከሥሯ ወፍራም የእንጨት ታኮ ገብቷል፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መኪናዋን ከያዙ ወዲህ ልጆቻቸው ተወልደው፣ ተምረው፣ ተድረዋል።

«ፍሬን ስይዝ መጀመሪያ ወደ ግራ ትስበኛለች» ይላሉ። «ከለቀቅሁ በኋላ ደግሞ ቀኟ አልላቀቅ ይላል። ጎማው አጠገብ እጄን ሳስጠጋ ይፋጃል።»

ሌላ ጋራዥ ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመውን ሸራ ቀይሮላቸዋል። ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎሚኒም ቀይሮላቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ።

መካኒኩ የጎልማሳ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ሥራውን በረዳትነት ጀምሮ በዓይንና በእጅ የተማረ ሰው ነው። «እስቲ ጋሼ፣ ይግቡና ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አላቸው። ረገጡ። «አሁን ይልቀቁ።» ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ሊያሽከረክረው ሞከረ። አልዞር አለ። ረዳቱ ሸራውን ሊያላላ መፍቻ ሲያነሣ «ቆይ፣ አትቸኩል» ብሎ ያዘው።

ከዚያ ከጎማው ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሩብ ያህል ፈታት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ። ጎማው በዚያችው ቅጽበት ተለቀቀ፤ በአንድ ጣት የሚዞር ሆነ።

ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆማል። ፔዳሉ ተለቅቆ ሳለ ውስጥ የቀረ ግፊት እንዳለ ታውቋል፤ ግፊቱን ማን እንደያዘው ግን ገና አልታወቀም። ከላይ ያለው፣ ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበት የፍሬን ማስተር ሊሆን ይችላል፤ ቱቦዋም ልትሆን ትችላለች። መካኒኩ ብሎኗን መልሶ አጠበቀ፣ መምህሩን እንደገና አስረገጠ፣ አስለቀቀ። አሁን የፈታው ከቱቦዋ በላይ የብረት ቧንቧው የሚገናኝበትን ዳዶ ነው። ትንሽ ዘይት ተንጠባጠበ። ጎማውን ሞከረው፤ እንደተያዘ ነው።

ፍርዱ እዚህ ላይ ተሰጠ። ጥፋቱ የማስተሩ ቢሆን ኖሮ ከላይ ሲከፈት ጎማው ይለቀቅ ነበር። ከላይ ተከፍቶ ካልተለቀቀ፣ ከታች ሲከፈት ግን ከተለቀቀ፣ መንገዱ የተዘጋው መሃል ላይ ነው። መሃል ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

> ከላይ ተከፍቶ ካልተለቀቀ፣ ከታች ሲከፈት ግን ከተለቀቀ፣ በሽተኛዋ ቱቦዋ ናት።

ላይዋ ያማረ፣ ውስጧ ያበጠ

የወጣችው ቱቦ ለዓይን ደህና ነች። ስንጥቅ የለባትም፣ አላበጠችም፣ ዘይት አላንጠባጠበችም። መካኒኩ ሞርሳ ላይ አስሮ በብረት መጋዝ ከወገቧ ቆረጣትና ለመምህሩ ሰጣቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን አዞሯት። ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ጎማ፤ በጎማው መሃል ቢጫ ቢጫ የሚል የክር ጥልፍ፤ ከጥልፉ ውስጥ ደግሞ ሌላ የጎማ ሽፋን። የውስጠኛው ሽፋን አብጦ፣ አንድ ጎኑም ከክሩ ተላቅቆ ወደ መሃል ተጣጥፏል። ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በጭንቅ ይታያል።

የፍሬን ቱቦ ሦስት ሥራ በሦስት ንብርብር የሚሠራ ዕቃ ነው። የውስጡ ጎማ ዘይቱን ይይዛል። የክሩ ጥልፍ ግፊቱን ይሸከማል። የላዩ ጎማ ከፀሐይ፣ ከጠጠርና ከጭቃ ይከላከላል። እኛ ከውጭ የምናየው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ጠባብ ቀዳዳ ዘይቱን ወደ ጎማው ካሳለፈ ለምን መልሶ አያሳልፍም? መልሱ የኃይል ልዩነት ነው። ወደ ታች የሚገፋው የሰው እግር ነው፤ ጠንክሮ ሲረገጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ፒ.ኤስ.አይ. ሊያልፍ ይችላል። የመኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 30 ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። እንዲህ ያለ ኃይል በጠበበው መንገድም ቢሆን ሰብሮ ያልፋል። ዘይቱን ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚስበው ሞላ ብቻ ነው። ሞላው ደካማ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ይገባል፣ አይወጣም። ሸራው ታምቡሩን እንደነካ ይቀራል፣ ይፋተጋል፣ ይሞቃል።

የመምህሩ ቮልስ ወደ ግራ የሳበችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሬን ሲያዝ ግፊቱ ግራውን ቶሎ ሲያገኘው ቀኙ ዘገየ፤ መኪናዋም ቀድሞ ወደያዘው ጎን ዞረች። ሲለቀቅ ደግሞ ግራው ተለቀቀ፣ ቀኙ ቀረ። ስትያዝ ወደ አንድ ጎን፣ ስትለቀቅ ወደ ሌላው የምትስብ መኪና ካጋጠመች፣ ሸራ ከመግዛት በፊት ቱቦ መጠርጠር ነው።

ይህ አንዱ ዓይነት በሽታ ነው። ሌላው ተቃራኒው ነው፤ ክሩ ይዳከምና ቱቦዋ በተረገጠ ቁጥር ትነፋለች። እግር የሰጠው ጉልበት ሸራውን ከመግፋት ይልቅ ቱቦ በመለጠጥ ያልቃል። ሹፌሩ ፔዳሉ ሲላላበት አየር የገባ መስሎት ደጋግሞ ያስወጣል፤ ለውጥ የለም። ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጠንክሮ ይረግጣል፣ ሌላው ቱቦዋን በመዳፉ ይዞ ያዳምጣል። በሚረገጥበት ጊዜ እጅ ውስጥ የምትወፍር ቱቦ ዕድሜዋን ጨርሳለች።

ሦስተኛው በዓይን የሚታየው ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ቱቦዋ ስትጎብጥ ላዩ ላይ ስንጥቅ ይከፈታል። ክሩ ከታየ ወሬ የለም፣ ያን ቀን መቀየር አለባት። ብረቱ ጎማውን የነከሰበት ጫፍ ላይ እርጥበት ካለም እንዲሁ።

አሮጌ መኪና የማትጥል ከተማ

ይህች አገር ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አመጣ። ከዚያ ወዲህ የገባው መኪና ሁሉ አንድ ጠባይ ይዟል፤ ቶሎ አይጣልም። ሐረር በፔዦ 404 ታክሲዎቿ የታወቀች ሆና ኖራለች፤ ፈረንሳዮቹ ያን ሞዴል አገራቸው ውስጥ መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ቢሆንም። አዲስ አበባ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ላዳ አላት፣ ቮልስ አላት።

ቮልስ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የራሷ ገጽ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው መኪና ናት። ዛሬ አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያና ሳር ቤት አካባቢ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና የምትቀመጥ አለች፤ በየቀኑ ሥራ የምትገባም አለች። ወጣቶች እየገዙ ያድሷታል፤ ለሠርግ የሚያከራዩም አሉ።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። አሮጌውን ጥሎ አዲስ የቤንዚን መኪና ማስመጣት ቀረ ማለት ነው። ያለውን ይዞ መቆየት ከፍቅር አልፎ ግድ ሆኗል። መኪናው በቆየ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ይታደሳል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ ወንበሩ ይለብሳል። ቱቦው እንደነበረ ነው።

መካኒኩን ያስመረረውም ይኸው ነው። «ለቀለም የሚያወጡትን አይቻለሁ» ይላል። «ላዩ እንደ አዲስ ያበራል። ከሥር ስገባ ፋብሪካው የገጠማት ቱቦ እዚያው አለች።»

በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነፍስ

ቱቦ ዘመናዊ መኪና ላይም ይበጠሳል። በአሮጌ መኪና ላይ ግን ነገሩ ይከፋል፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ላይ የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ አንዷ ቱቦ ስትፈነዳ ዘይቱ ሁሉ በእሷ ይፈስሳል፣ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል። ዛሬ ያሉት መኪኖች መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ይህ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነው። ቮልስም ወደዚያ ገበያ የምትላከው በ1967 ሞዴሏ ባለ ሁለት መስመር ሆነች። ከዚያ ቀደም ያሉት ባለ አንድ ናቸው፤ ለሌሎች አገሮች የተሠሩት ደግሞ ከዚያም በኋላ ባለ አንድ የሆኑ አሉባቸው።

ባለቤቱ የእሱ መኪና የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ማስተሩ ጋ ያሉትን ቧንቧዎች አይቶ፣ ወይም መካኒኩን ጠይቆ ይረዳል። ባለ አንድ መስመር መኪና የያዘ ሰው ቱቦ እስኪበጠስ ጠብቆ የሚቀይርበት መብት የለውም ብል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ከተማ ናት። ሰሜኗ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ደቡቧ አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ ይወርዳል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ሳሪስን አልፎ ቃሊቲ የሚደርስ ሹፌር አብዛኛውን መንገድ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ከከተማ ሲወጣ ደግሞ የጣርማ በር ቁልቁለት አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ጠባዩ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ወለል የተለኩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ዘይቱም እንደዚሁ ቀድሞ ይፈላል። ቱቦዋ ይዛ ያስቀረችው ሸራ ታምቡሩን ሲያግል፣ አሮጌው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው መካከል ምንም ያልተበጠሰበት፣ ዘይቱ የፈላበት አለ።

ቱቦዋ ስትቀየር

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት ዝገት የያዘው ዳዶ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይረጫል፣ ጊዜ ይሰጠዋል። የቸኮለ ሰው ዳዶውን ያሟልጨዋል፣ ወይም ቧንቧውን አብሮ ጠምዝዞ ይበጥሰዋል፤ ያኔ የቱቦ ሥራ የነበረው የቧንቧ ሥራ ሆኖ ያርፋል። መካኒኩ የያዘው ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ቧንቧው እንዲያልፍበት አንድ ቦታ ላይ የተከፈተ መፍቻ ነው። በሌላ እጁ በሁለተኛ መፍቻ የቱቦዋን ራስ ይዟል፣ አብራ እንዳትዞር።

የላይኛው ዳዶ ከተፈታ በኋላ ቱቦዋን ከመኪናው አካል ጋር የያዛት የላሜራ ቆንጣጭ በፒንሳ ተስቦ ይወጣል። ቀጥሎ የታችኛው ጫፍ ከጎማው ሲሊንደር ይፈታል። አዲሷ ስትገባ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ታች ትጠብቃለች፣ ከዚያ ላይኛው ጫፍ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ቆንጣጩ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ የቧንቧው ዳዶ። እንዲህ ከተሠራ ቱቦዋ አትጠማዘዝም። በደረጃ የተሠሩ ቱቦዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ መስመር አለ፤ ለጌጥ አይደለም። ተገጥማ ስታልቅ መስመሩ ቀጥ ብሎ ካልሄደ ተጠማዝዛለች ማለት ነው፤ ተጠማዝዛ የተገጠመች ደግሞ ዕድሜ የላትም።

ዲስክ ፍሬን ባላቸው ላይ፣ ለምሳሌ ላዳ ፊት ለፊት፣ ካሊፐሩን ፈትቶ በቱቦዋ ላይ ማንጠልጠል ልማድ ሆኗል። ክሩ ከውስጥ የሚበጠሰው በዚህ ነው። ካሊፐሩ በሽቦ ይታሰር። መገናኛው ላይ የመዳብ ሮንዴላ ካለም አሮጌው አይመለስም፣ አዲስ ይገባል።

ከዚያ አየር ማስወጣት ነው። ቮልስ ላይ ከሩቁ ይጀመራል፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ረዳቱ ይረግጣል፣ ይይዛል፤ መካኒኩ ብሎኗን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ረዳቱ ያኔ ብቻ ይለቃል። በመካከሉ ኮፋኖው ሥር፣ ከስኮርታ ጎማው ኋላ ያለው የዘይት ዕቃ እንዳይጎድል አንድ ሰው ይጠብቃል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና የነካውን ቦታ ወዲያው በውሃ ማጠብ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በራሷ ክብደት ትቆማለች፤ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል። ቱቦዋ ጎማውንም ፓራፋንጎውንም መንካት የለባትም። መምህሩ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ነድተው፣ ወርደው እጃቸውን ቀኝ ጎማው አጠገብ አስጠጉ። ቀዝቃዛ ነው። መካኒኩ ግን አልጨረሰም። «የግራዋም ትቀየራለች» አለ። «አብረው የተወለዱ ናቸው።»

> አንዷ ቱቦ ካረጀች እኩያዋም አርጅታለች፤ የምትቀየረው ጥንድ ጥንድ ሆና ነው።

«ኦርጅናል ነው» ሲባል

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ለማንኛውም መኪና መድኃኒት አያጣም ይባላል፤ እውነት ነው። በር፣ መብራት፣ ማርሽ፣ ሞተር፣ ከፈረሰ መኪና ላይ ተፈትቶ የሚሸጥ ሁሉ ብዙ አሮጌ መኪና አድኗል። ቱቦን ግን ከዚህ ዝርዝር ማውጣት ይገባል። ብረት ታጥቦ፣ ተሞርዶ ይመለሳል። ጎማ አይመለስም። ከሞተ መኪና ላይ የወጣ የፍሬን ቱቦ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን ዘይት እንደጠጣ ማንም አያውቅም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ሌላው ነው። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ኦርጅናል ዕቃ ይወዳል። ከአንድ መደብር ጓዳ አቧራ የጠጣ ካርቶን ይወጣል፤ ውስጡ ያልተነካ የጀርመን ቱቦ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ዘመን የተሠራ። ገዢው ደስ ይለዋል። አንድ ቮልስ የሚያድስ ወጣት እንዲህ ያለ ቱቦ ሲያሳየኝ ወርቅ ያገኘ ያህል ነበር የያዘው። ጎማ ግን መደርደሪያ ላይም ያረጃል። አየሩ ያደርቀዋል። ለዚህ ዕቃ አዲስነት የሚቆጠረው ከተሠራበት ቀን እንጂ ከተገጠመበት ቀን አይደለም፤ ቀኑ ደግሞ በደህና ቱቦ ላይ ታትሞ ይገኛል። በአሜሪካ መለኪያ የሚሠራ ቱቦ ዶት የሚል ምልክትና የተሠራበት ጊዜ ይጻፍበታል። ቀጫጭኖቹ እስከ 7,000 ፒ.ኤስ.አይ. ሳይፈነዱ መቋቋም አለባቸው፤ ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ ይፈተናሉ። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ቱቦ ምን እንደሆነ ሻጩም አይመልስም።

አንድ የላዳ ሹፌር ደግሞ ከታክሲ ዘመኑ የሚያስታውሰውን ነገረኝ። ቱቦ ሲፈነዳ ቧንቧውን አጥፎ ቀጥቅጦ መዝጋት፣ በሦስት ጎማ ፍሬን ማታ ድረስ መሥራት። ዘይት ሲጠፋ የሳሙና ውሃ መጨመር። የሞተር ዘይት የጨመሩም አሉ። «ምን ይደረግ፣ የዕለት ገቢ አለ» አለኝ። ኑሮው ይገባኛል። ነገር ግን የሞተር ዘይት የፍሬን ጎማ የሆነውን ሁሉ ያሳብጣል፤ ማስተሩ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ የየጎማውን ጎሚኒ፣ ቱቦዎቹን ሁሉ። አንድ ቀን ለማትረፍ የገባ ጠብታ ሙሉውን ፍሬን አስፈትቶ ያስቀይራል። በሦስት ጎማ የሚይዝ መኪና ደግሞ በዝናብ ቀን በድንገት ሲረገጥ ዞሮ ይቆማል፤ ከፊቱ ሰው ካለ ሰውየው ላይ።

ቱቦ በፒንሳ ጨምቆ ዘይት ማቆምም እንዲሁ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፒንሳው ይነሣል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ሽፋን ግን ይቀራል። የብዙ የተደፈነ ቱቦ መነሻ ይህ የመካኒክ ቸልተኝነት ነው።

ቦሎ አለኝ

ባለ መኪና ሁሉ በዓመት አንዴ ምርመራ ያደርጋል፣ ቦሎ ይለጥፋል። የፍሬን መመርመሪያው ማሽን ጎማዎቹን እያሽከረከረ ግራና ቀኙ እኩል መያዛቸውን ይለካል። ጥሩ ማሽን ነው፤ ሊከበር ይገባዋል። የሚለካው ግን መያዙን ነው። ውስጧ ያበጠች ቱቦ ጠንክሮ ሲረገጥ ዘይቱን ታሳልፋለች፣ ጎማውም ይይዛል። ችግሯ ሲለቀቅ ነው። መርማሪው ከሥር ገብቶ መሪውን አስዙሮ ካላየም ስንጥቁ አይታይም። ደግሞም ማሽኑ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ነው፤ ስለ ቀሪው ዓመት አይደለም።

ስለዚህ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ ማስለወጥ፤ መካኒኩ መደርደሪያው ላይ ከከረመ ክፍት ጠርሙስ ሲቀዳ ካዩ እምቢ ማለት። ቱቦ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ፤ ካላወቁ አርጅቷል ብሎ መቁጠር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአሥር ዓመት ያለፈ ቱቦ መልኩ ምንም ቢያምር ይቀየር እላለሁ፤ የዋጋው ትንሽነት ክርክር የሚያስነሣ አይደለም።

መንገድ ላይ ፔዳሉ ከወለሉ ከደረሰስ? ደጋግሞ በፍጥነት መርገጥ አንዳንዴ የቀረውን ግፊት ይሰበስባል። ማርሹን አንድ አንድ እየቀነሱ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ። ቮልስ ላይ የእጅ ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ነው፤ ዘይት ቢያልቅ፣ ቱቦ ቢፈነዳ እሱ ይቀራል፣ የኋላ ጎማዎቹን ይይዛል። በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሳብ። ታዲያ ይህ እንዲያድን የእጅ ፍሬኑ ራሱ መሥራት አለበት፤ ስንቱ ነው ድንጋይ ጎማ ሥር አስገብቶ የሚያቆመው።

አሮጌ መኪና የያዛችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ። በስልካችሁ መብራት ከፊት ጎማው ጀርባ ያለችውን ቱቦ ተመልከቱ፤ ስንጥቅ፣ እብጠት፣ እርጥበት ካለ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄዱት ጋራዥ ይሁን። ከሩቅ መንገድ ስትመለሱ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አራቱን ጎማ ዙሩ፤ እጃችሁን ሳትነኩ አስጠጉ። አንዱ ብቻ ከጋለ መካኒኩን ስለ ሸራ አትጠይቁት። ቱቦዋን ፈትሽልኝ በሉት፤ ከላይም ከታችም ከፍቶ ሲፈትሽ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ።